ባለቀይ መስመሩ ኪሊፊሽ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ስለ ባለቀይ መስመሩ ኪሊፊሽ በርከት ያለ ጥያቄ ደርሶኛል። ሳይንሳዊ ስሙ አፊዮሴሚዮን ስትሪያተም ነው፤ እኔ ባጭሩ ስትሪያተም እለዋለሁ። ትንሽ፣ ጸጥ ያለ፣ የጫካ ጅረት ዓሣ ነው። ኪሊ ማራባት ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፤ የቀሩትን እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ይህ ዓሣ አገሩ የት ነው? ምንስ ይመስላል?

አገሩ ጋቦንና ኢኳቶሪያል ጊኒ ነው። በዝናብ ደን ውስጥ በሚሄዱ ትንንሽ ጅረቶች ይኖራል። በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው የዓሣ ተመራማሪ ቡሌንዤ በ1911 ስም ሰጥቶ ለሳይንስ አስተዋወቀው።

ጅረቶቹ ጠባብና ጥልቀት የሌላቸው ናቸው። ዛፎቹ ከላይ ስለሚገጥሙ ፀሐይ እንደልቧ አትገባም። ከታች የወደቀ ቅጠል ተነጥፏል። ውሃው ለስላሳ (የሟሟ ማዕድን ያነሰበት) እና ትንሽ አሲዳማ ነው፤ ከቅጠሉ የተነሳ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። ዓሣው መሀል ላይ አይንሳፈፍም። ዳር ዳሩን ይዞ፣ በሥርና በቅጠል መሀል ይውላል። ከላይ የሚወድቅለትን ጉንዳንና ትንኝ፣ ውሃ ውስጥ ያለውን የነፍሳት እጭ ለቅሞ ይበላል። እባካችሁ ይህን ምስል አትርሱት። ከዚህ በታች የምመልሰው አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ወንዱ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ገላው ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሆኖ፣ ከጭንቅላቱ ጀርባ እስከ ጅራቱ ድረስ የቀይ ነጥብ መስመሮች ጎን ለጎን ተሰልፈውበታል። ክንፎቹም ቀይና ቢጫ አላቸው። ሴቷ ቡናማ ነች፣ ክንፎቿ እምብዛም ቀለም የላቸውም፣ በመጠንም ትንሽ አነስ ትላለች።

ጥያቄ፦ ኪሊፊሽ ዕድሜው ጥቂት ወር ብቻ ነው፣ እንቁላሉም በደረቅ ጭቃ ውስጥ ይቆያል ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ይህን ሁሉ ለፍቼ ወዲያው ቢሞትብኝስ?

የሰማኸው ትክክል ነው፤ ግን ስለ ሌላው ወገን ነው። የኪሊ ወገን ሰፊ ነው። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ሳር ምድር፣ ዝናብ ሲዘንብ ሞልተው በበጋ የሚደርቁ ኩሬዎች ውስጥ የሚኖሩት ኖቶብራንኪየስ የሚባሉት ናቸው። እነሱ ኩሬው ሳይደርቅ ፈጥነው ያድጋሉ፣ እንቁላላቸውን ጭቃ ውስጥ ቀብረው ይሞታሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ኖቶብራንኪየስ ፉርዘሪ፣ ዕድሜው በጣም አጭር ስለሆነ የእርጅና ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል።

ስትሪያተም ግን የጫካ ልጅ ነው። ጅረቱ አይደርቅበትም። እንቁላሉን ተክል ላይ ያጣብቃል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ከተያዘ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። አይዞህ፣ ጊዜ አለህ።

ጥያቄ፦ ስንት ሊትር አኳሪየም ይበቃዋል? ፊልተርስ?

ለአንድ ወንድና ለሁለት ሴት 15 ወይም 20 ሊትር ይበቃል። ከዚህ ቢሰፋ ለእንክብካቤ ይቀላል እንጂ ግዴታ አይደለም። ፊልተሩ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ይሁን፤ አየሩንም ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁት። ኃይለኛ ሞገድ ዓሣውን ያደክመዋል። ጃቫ ሞስ፣ ጃቫ ፈርንና ተንሳፋፊ ተክል ጨምሩ። ከሥር ጠቆር ያለ አሸዋ ወይም የደረቀ ቅጠል ብታደርጉ ቀለሙ ይደምቃል። መብራቱን አደብዝዙ።

ክዳን ግን የግድ ነው። ስትሪያተም ዝላይ ያውቃል። የአየር ቱቦው በሚገባባት ቀዳዳ ሳይቀር ይወጣል፤ በተለይ ወንድ ሴቷን ሲያሳድድ። ቀዳዳውን በስፖንጅ ቁራጭ ድፈኑት። ሰው ኪሊ ሞተብኝ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ክዳኑ ነው።

ጥያቄ፦ የአፍሪካ ዓሣ ስለሆነ 27 ዲግሪ ላይ አድርጌዋለሁ። ጥሩ ነው?

አይደለም እህቴ፣ ዛሬውኑ ቀስ በቀስ አውርጂው። አፍሪካ ማለት ሁሉም ቦታ ሙቅ ማለት አይደለም። በጥላ ሥር የሚሄድ ጅረት ቀዝቀዝ ያለ ነው። ለስትሪያተም ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ተስማሚ ነው። ቤትሽ በዚህ መሀል ከዋለ ማሞቂያ ጨርሶ አያስፈልግሽም።

ውሃው ሲሞቅ ዓሣው ፈጥኖ ያድጋል፣ ፈጥኖም ያረጃል። ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ በሽታ አምጪዎች ደግሞ በሙቀት ይፋጠናሉ። እንቁላሉም ቶሎ ይፈለፈላል፣ ነገር ግን የሚወጡት ጫጩቶች ደካሞች ናቸው። ዲግሪውን ስታወርጂ በአንድ ቀን ውስጥ ከሁለት ዲግሪ በላይ አትቀንሺ።

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃዬ ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) ነው፣ ፒኤቹም (የአሲድነቱ መለኪያ) 7.8 ነው። የዝናብ ውሃ ልሰብስብ?

ለማኖር ብቻ ከሆነ ብዙም አትጨነቅ። ስትሪያተም ለመካከለኛ ጥንካሬ ውሃ ይለምዳል። ለማራባት ግን ለስላሳ ውሃ ይሻላል። ከፒኤች 6 እስከ 7 ባለው፣ ጥንካሬው ዝቅተኛ በሆነ ውሃ ውስጥ ብዙ እንቁላል ይተርፋል። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ወይም በማጣሪያ ማሽን የተጣራ ውሃ ከቧንቧው ጋር ግማሽ በግማሽ አቀላቅል። ከንጹሕ ጣሪያ ካልሆነ፣ ወይም ዝናቡ ከረጅም ደረቅ ወቅት በኋላ የጣለ የመጀመሪያው ከሆነ፣ አትሰብስበው። አቧራና ጥላሸት አጥቦ ይወርዳል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ሌሊቱን ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድረው። ክሎራሚን የሚጨመርበት ከሆነ ግን ማሳደር አይበቃም፤ ማስወገጃ ፈሳሽ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የውሃው ቁጥር ትክክል መሆኑ ሳይሆን አለመዋዠቁ ነው ዓሣን የሚያኖረው። ዛሬ 6፣ ነገ 7.5 ከሚሆን፣ ሁሌም 7.2 ቢሆን ይመረጣል። በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ውሃ ቀይር፤ አዲሱም በሙቀት ከነባሩ ጋር ይመሳሰል።

ጥያቄ፦ ደረቅ ምግብ አይበላልኝም። ምን ላድርግ?

አንዳንዱ ይለምዳል፣ አንዳንዱ አሻፈረኝ ይላል። የሚንቀሳቀስ ነገር ማደን ተፈጥሮው ነው። አርቴሚያ (ጥቃቅን የጨው ውሃ ሽሪምፕ)፣ ዳፍኒያ (የውሃ ቁንጫ)፣ የትንኝ እጭ፣ ግሪንዳል ወርም (ትንሽ ነጭ ትል)፣ ክንፍ የሌለው የፍራፍሬ ዝንብ፣ እነዚህን እያፈራረቅክ ስጠው። በማቀዝቀዣ በረዶ የሆነ አርቴሚያና ዳፍኒያም ይሆናል። ደረቁን ማስለመድ ከፈለግክ፣ ጠዋት ሲርበው ትንሽ ቆንጥረህ ወደ ስፖንጅ ፊልተሩ አረፋ ጣለው። ሲንቀሳቀስ ያየውን ይቀምሳል። ለማራባት ሲሆን ግን ሕያው ምግብ የግድ ነው። ሴቷ ሆዷ የሚሞላው በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወንዱ ሴቷን ቀኑን ሙሉ ያሳድዳታል። ክንፏም ተቀዳዷል። ምን ይሻላታል?

ልጄ፣ መጀመሪያ ለያቸው። ሴቷ ብቻዋን ለሳምንት ያህል ትረፍ፣ በደንብም ትብላ። ክንፍ በንጹሕ ውሃ ራሱ ይጠግጋል።

ይህ ዓሣ እንቁላሉን በአንዴ አይዘረግፍም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጥላል። ስለዚህ ወንዱ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፣ ሴቷ ግን እንቁላል የሌላት ቀን አለ። ያኔ ነው የምትጎዳው። ሁለት ወይም ሦስት ሴት ካደረግክለት ማሳደዱ ይከፋፈላል። የምትደበቅበት ወፍራም የሞስ ክምር ወይም ተጨማሪ ሞፕ (ቀጥሎ የማስረዳው የክር ጥቅል) አስገባ።

እኔ የምመርጠው ግን ሁለቱን ለሳምንት ለያይቶ መመገብ፣ ከዚያ ለጥቂት ቀን ማገናኘት፣ እንደገና መለየት ነው። በዚህ መንገድ ብዙ እንቁላል ባንዴ ይገኛል፤ ጫጩቶቹም እኩያሞች ይሆናሉ። እኩያሞች መሆናቸው ለምን እንደሚጠቅም ወደታች ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ሞፕ የምትሉት ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ከክር የሚሠራ፣ የተክል ሥርን የሚተካ ነገር ነው። አክሪሊክ የሹራብ ክር ተጠቀሙ። እውነተኛ ሱፍና ጥጥ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሁን፤ እንቁላሉን ለማየት ይመቻል። ክሩን እጅ የሚያክል መጽሐፍ ላይ ደጋግማችሁ ጠምጥሙ፣ አንዱን ጫፍ በሌላ ክር አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ሌላውን ጫፍ በመቀስ ቁረጡ። የታሰረውን ጫፍ ቡሽ ላይ አንጠልጥሉት። አዲሱን ሞፕ በፈላ ውሃ ደጋግማችሁ ዘፍዝፉት፣ ቀለም መልቀቁን እስኪያቆም ድረስ።

አንዱ ከላይ ተንሳፍፎ ወደታች ይንጠልጠል፣ ሌላው ታች ይተኛ። ዓሣዎቹ ራሳቸው የወደዱትን ይመርጣሉ።

ጥያቄ፦ እንቁላሉን በእጅ ይለቀማል ሲሉ ሰማሁ። አይፈርጥም ወይ?

አይፈርጥም። የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታም እዚህ ጋ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ሞፑን በየሁለትና በየሦስት ቀኑ አውጡት። ውሃውን ቀለል አድርጋችሁ ጨምቁት፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ደገፍ አድርጉት፣ ከዚያ መስኮት አጠገብ ክሮቹን እየከፈላችሁ ተመልከቱ። እንቁላሉ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል። ጥርት ያለ ነው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ብልጭ ይላል። ከሞፑ ክር ጋር የሚያያዘው ፀጉር በመሰሉ ቀጫጭን አጣባቂ ነገሮች ነው። እንቁላሉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ ስታደርጉት ፀጉር መሳዩ ይለጠጥና ይለቃል።

ጤነኛው እንቁላል ጠንካራ ነው። በጣት መሀል ስታንከባልሉት አይጨፈለቅም። ያልዳበረው ግን ቶሎ ይላሽቃል፣ ወይ ደግሞ ሲነጣ ይታያል። ስለዚህ በእጅ መልቀሙ ራሱ ምርጫ ነው። እጃችሁን በሳሙና ሳይሆን በውሃ ብቻ ታጠቡ፤ የሳሙና ቅሪት እንቁላል ይገድላል።

የለቀማችሁትን ከአኳሪየሙ የተወሰደ ውሃ ባለበት ዝርግ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ፤ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ውሃ ይበቃል። ጨለማ ቦታ፣ 22 ዲግሪ አካባቢ አድርጉት። ዕቃው ላይ ቀን ጻፉበት። በየቀኑ ተመልከቱ፣ የነጣውን አውጡ። ያለ ማጉያ መነጽር አትሥሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጡ ጥርት ያለ ሆኖ ጥቂት የዘይት ጠብታዎች ይታያሉ። ከዚያ በአንድ ወገን ጠቆር ያለ መስመር ይጀምራል፤ ያ ገላው ነው። ሳምንት ሲሞላው ሁለት ዓይኖች ይወጣሉ። ቀጥሎ የዓይኑ ዙሪያ ወርቅማ ይሆናል፣ ጫጩቱም ተጠቅልሎ አልፎ አልፎ ሲላወስ ታያላችሁ። ትንሿ ልብ ስትመታ በማጉያው ይታያል። ይህን ያየ ሰው ከኪሊ አይለይም ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ግማሹ እንቁላል እየነጣ ሻጋታ ያወጣል። ሜቲሊን ብሉ ልጨምር?

ጥቂት ጠብታ፣ ውሃው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ፣ ይጠቅማል። ግን መድኃኒቱ ያልዳበረውን እንቁላል አያዳብረውም። ሻጋታው መጀመሪያ የሚይዘው የሞተውን ነው፤ ከዚያ ወደ ጤነኛው ይዛመታል። ስለዚህ የሞተውን ቶሎ ማውጣት ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

ግማሽ በግማሽ መንጣት በጀማሪ ጥንዶች የተለመደ ነው። ወንዱ ገና ልጅ ከሆነ፣ ወይም ሴቷ እንቁላሉን ለረጅም ጊዜ ከያዘች፣ የመጀመሪያው ጥቅል ብዙም አይሳካም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጠብቅ። ካልተሻሻለ ወንዱን ቀይር።

ጥያቄ፦ ሦስት ሳምንት አለፈው፣ ዓይኑ በደንብ ይታያል፣ ግን አይፈለፈልም።

ጫጩቱ ደርሷል፤ የሚጠብቀው ምልክት ነው። እንቁላሉ ውስጥ ያለው ጽንስ ኦክስጅን ሲቀንስበት ቅርፊቱን የሚያላሽቅ ንጥረ ነገር ያወጣል። ስለዚህ ኦክስጅኑን ቀንሱለት። እንቁላሎቹን ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አስገብታችሁ በቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ውሃ ሙሉት፣ ቅንጣት ታህል ደረቅ ምግብ ጨምሩ፣ ክዳኑን ዝጉ። በምግቡ ላይ የሚባዛው ባክቴሪያ ኦክስጅኑን ይጠቀምበታል። ብዙ አርቢዎች ጠርሙሱን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ፤ መናወጡም ይረዳል። በቱቦ ትንፋሽ ወደ ውሃው መንፋትም ይሠራል። ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ መውጣት ይጀምራሉ። እንደወጡ ወዲያው ወደ ንጹሕ ውሃ አዛውሯቸው፤ እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ማደር የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ለተፈለፈለው ጫጩት ምን ልስጠው?

ስትሪያተም የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጫጩቱ ከተፈለፈለ ጊዜ ጀምሮ አዲስ የወጣ አርቴሚያ መዋጥ ይችላል። መጠባበቂያ ካስፈለገ ማይክሮ ወርም የሚባል ደቃቅ ትል አለ።

አርቴሚያው እንዲህ ይፈለፈላል። በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ያህል አዮዲን የሌለው ጨው በጥብጡ፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ አሙቁት፣ የአርቴሚያ እንቁላል ትንሽ ጨምሩ፣ አየር ከታች ይግባበት፣ ብርሃን ይኑረው። ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወጣል። አየሩን አጥፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ባዶው ቅርፊት ከላይ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካንማው ሕያው ከታች ይሰበሰባል። ከታች በቀጭን ቱቦ ሳቡ፣ በጨርቅ ወንፊት አጥልሉ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ቅርፊቱ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ጫጩት ቢውጠው አንጀቱን ሊዘጋበት ይችላል።

በቀን ሁለቴ፣ ትንሽ ትንሽ። ከበላ በኋላ ሆዱ ብርቱካን ይሆናል፤ በዓይን ይታያል። ሆዱ ብርቱካን ያልሆነ ጫጩት አልበላም ማለት ነው። ካልበላ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል።

ጥያቄ፦ ጫጩቶቼ እስከ ሁለት ሳምንት በደንብ ያድጉና፣ ከዚያ በአንድ ሌሊት ያልቃሉ። ውሃው ንጹሕ ነው። ይህ ለሦስተኛ ጊዜ ነው።

አዝናለሁ፤ ይህ ከባድ ነው። ከነገርከኝ ተነስቼ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ።

አንደኛው ያልተበላው አርቴሚያ ነው። ጨው ለምዶ የመጣ ስለሆነ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ታች ተኝቶ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ያወጣል። ውሃው ለዓይን ንጹሕ ይመስላል። አሞኒያ ግን አይታይም፤ በመመርመሪያ ነው የሚለየው። በትንሽ ቱቦ በየቀኑ ከታች ጥረግ፣ የጎደለውን በተመሳሳይ ውሃ ተካ። ጥቂት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ብታስገባ የተረፈውን ያጸዱልሃል።

ሁለተኛው ቬልቬት የሚባለው በሽታ ነው፤ የኪሊ ጫጩት ዋና ጠላት። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ጫጩቱን ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ መብራት ከጎን አብራበት። ገላው ላይ ወርቃማ አቧራ የተነሰነሰ ከመሰለ እሱ ነው። ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ክንፉን ሰብስቦ ይንቀጠቀጣል፣ ዕቃ ላይ ይፈተጋል። ተሕዋሱ እንደ ተክል ብርሃን ስለሚጠቀም ዕቃውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነህ አጨልመው። በአንድ ሊትር አንድ ግራም ያህል ጨው ቀስ በቀስ ጨምር። መዳብ ያለበት መድኃኒት ተሕዋሱን ይገድላል፤ ግን በለስላሳ ውሃ ውስጥ መዳብ ለዓሣውም መርዝነቱ ይበረታል። ቀንድ አውጣዎቹንም ይጨርሳል። ለጫጩት እኔ አልመክረውም።

ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ቱቦህን፣ መረብህንና ዕቃህን ጠርጥር። ሁሉንም በሙቅ ውሃ እጠብና በደንብ አድርቅ። ለጫጩት ዕቃ የራሱ ቱቦ ይኑረው። ወላጆቹም ያለምልክት ሊሸከሙት ስለሚችሉ፣ እንቁላሉን እንጂ የወላጆቹን ውሃ ወደ ጫጩቱ አትውሰድ።

ጥያቄ፦ መስታወቱ ላይ ትንንሽ ክር የሚመስሉ፣ እጅ ያላቸው ነገሮች ተለጥፈዋል።

ሃይድራ ነው። ከተክል ጋር ይገባል፣ በአርቴሚያ ይባዛል። አዲስ የወጣ ጫጩት ይዞ መብላት ይችላል። ጫጩቶቹን አውጣቸው፣ ዕቃውን አጥበህ አድርቀው፣ ምግቡንም ቀንስ።

ጥያቄ፦ ካሳደግኳቸው ውስጥ ሁሉም ለማለት ይቻላል ወንድ ሆኑ። ለምን?

ከመፍረድህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትንንሾቹን የት አደረስካቸው? ወንዶች ፈጥነው ያድጋሉ፣ ቀድመውም ይቀልማሉ። በአንድ ዕቃ ውስጥ ከሆኑ ትልልቆቹ ምግቡን ይሻማሉ፣ አንዳንዴም ትንንሾቹን ይበላሉ። አርቢውም ያማሩትን መርጦ ያስቀራል። መጨረሻ ላይ ወንድ ብቻ የቀረ ይመስላል።

ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ በመጠን ለይ። የዘገዩትን በሌላ ዕቃ፣ በተመሳሳይ ምግብ አሳድግ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ወንዱ ቀለም ማሳየት ይጀምራል። እስከ አራት ወር ድረስ ማንንም ሴት ነች፣ ወንድ ነው ብለህ አትወስን። ከዘገዩት ውስጥ ብዙ ሴቶች ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ እንቁላል መልቀም ጊዜ የለኝም። ሌላ መንገድ የለም?

አለ። 40 ሊትር ገደማ አኳሪየም በሞስና በተንሳፋፊ ተክል ሙሉት፣ ከላይም ከታችም። አንድ ወንድና ሁለት ሴት አስገቡ። በደንብ መግቡ፤ የጠገበ ዓሣ ጫጩቱን ብዙም አያሳድድም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከተክሉ መሀል ጫጩት ብቅ ይላል። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም የሚተርፉት ጠንካሮች ናቸው፣ ሥራውም ቀላል ነው። ላላችሁበት ሁኔታ የሚስማማው ይህ ከሆነ በዚህ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ከሌላ ዓሣ ጋር ማኖር ይቻላል? ለምሳሌ ከሌላ ዓይነት አፊዮሴሚዮን ጋር?

ከረጋ ትንሽ ዓሣ ጋር ለማየት ብቻ ከሆነ ይቻላል፤ ማራባት ግን ይቀራል። ፈጣንና ተናካሽ ዓሣ ካለ ስትሪያተም ተደብቆ በረሃብ ይመነምናል።

ከሌላ አፊዮሴሚዮን ጋር ግን በፍጹም አይሁን። በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የተቀራራቢ ዝርያ ሴቶች እጅግ ይመሳሰላሉ፤ አንዴ ከተቀላቀሉ መለየት አይቻልም። ዲቃላ ሊወለድ ይችላል፣ ብዙውን ጊዜም መካን ነው። ካልሆነ ደግሞ ዝርያው ተበላሽቶ ከአርቢ ወደ አርቢ ይተላለፋል። የጫካው ዓሣ መልክ ከእጃችን የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ በስሙ መጨረሻ "ካፕ ኤስቴሪያስ" የሚል አለ። የሌላው ደግሞ ፊደልና ቁጥር ነው። ያስፈልገኛል?

በጣም ያስፈልግሃል። ካፕ ኤስቴሪያስ ከጋቦን ዋና ከተማ ከሊብረቪል በስተሰሜን ያለ ቦታ ነው። ዓሣው የመጣው ከዚያ ነው ማለት ነው። ፊደልና ቁጥሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አገሩን ወይም የሰበሰቡትን ሰዎች፣ ዓመቱንና የቦታውን ተራ ቁጥር ያመለክታል።

ከአንዱ ጅረት የመጣው ስትሪያተም ከሌላው ጋር በቀለም ይለያያል። በጫካው ውስጥ ጅረቶቹ ለረጅም ዘመን ሳይገናኙ ስለኖሩ ነው። ስለዚህ የአንዱን ወንድ ከሌላው ሴት ጋር አታራባ። ስያሜውን አኳሪየሙ ላይም፣ የእንቁላል ዕቃው ላይም፣ ስትሰጥም ጻፈው። ስያሜው የጠፋበትን ዓሣ ሌላ ስም ፈጥረህ አትለጥፍበት፤ "ቦታው አይታወቅም" ብለህ ጻፍ። ዓሣው ውብነቱ አይቀንስም፣ ለሚቀበለው ሰውም ታማኝ ትሆናለህ።

ጥያቄ፦ እንቁላል በፖስታ ይላካል ይላሉ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ኪሊ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው በአብዛኛው በዚህ ነው። በ1961 የተመሠረተው የአሜሪካ ኪሊፊሽ ማኅበርን የመሳሰሉ ማኅበራት አባላት ለአሥርተ ዓመታት እንቁላል ሲለዋወጡ ኖረዋል።

ፒት የሚባለውን፣ በረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ሞስ፣ ቀቅላችሁ አቀዝቅዙ። በጨርቅ አድርጋችሁ ውሃ ማንጠባጠቡን እስኪያቆም ጭመቁት። እርጥብ እንጂ ርጥበቱ የሚፈስ አይሁን። ከለቀማችሁ ጥቂት ቀን የሆነውን፣ ዳብሮ የተረጋገጠውን እንቁላል ፒቱ ላይ በትኑ፤ ትንሽ አየር ባለበት የፕላስቲክ ከረጢት አሽጉ። ስም፣ ቦታና የተለቀመበትን ቀን ጻፉ። ስትሪያተም በእርጥብ ፒት ውስጥ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል በደህና ይቆያል። ከዚያ ሲበልጥ ጫጩቱ ይደክማል፤ ሲወጣም ለመንሳፈፍ የሚረዳውን፣ ገላው ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት መሙላት አቅቶት ታች ለታች የሚንፏቀቅ ይሆናል። ተቀባዩ ፒቱን በቀዝቃዛ ለስላሳ ውሃ ይዘፈዝፈዋል። ሌላ አገር ስትልኩ የአገሩን ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ ጥንድ ብቻ ነው ያለኝ። ዘሩ እንዳይዳከም ምን ላድርግ?

ከአንድ ጥንድ መጀመር ይቻላል፤ ብዙዎች የጀመሩት እንዲህ ነው። ግን ከልጆቹ ያማረውን አንድ ወንድ ብቻ መርጠህ አታስቀጥል። ከየትውልዱ ቢያንስ ሦስትና አራት ጥንድ አስቀር፤ ደማቁንም፣ መካከለኛውንም። የፈጠነውን ብቻ ስትመርጥ ሌላ ጠቃሚ ነገር ሳታውቀው ትጥላለህ። ያንኑ ስያሜ የያዘ ሌላ አርቢ ካገኘህ በየጊዜው ጥቂት ዓሣ ተለዋወጡ። ደግሞም ዘርህን ቶሎ ለሌላ ሰው አካፍል። መብራት ሲጠፋ ወይም በሽታ ሲገባ የአንተ ሊያልቅ ይችላል፤ የሰጠኸው ሰው ዘንድ ካለ መልሰህ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ ስትሪያተምን አራብቻለሁ። አሁን ዲያፕቴሮን መሞከር እፈልጋለሁ። ይከብደኛል?

ይከብዳል፣ ግን የምትደርስበት ነው። ዲያፕቴሮኖች በጋቦን የኢቪንዶ ወንዝ ተፋሰስ የሚኖሩ የኪሊ ዓይነቶች፣ ከስትሪያተም ያነሱ፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ናቸው። ጥቁር ሰማያዊና ቀይ ውበታቸው ልዩ ነው። ውሃቸው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ። ለስላሳና በጣም ንጹሕ ይሁን፤ ለቆሻሻ ትዕግሥት የላቸውም። ምግባቸው ጥቃቅን ሕያው ነገር ነው፤ ደረቅ አይነኩም ማለት ይቻላል። እንቁላላቸው ጥቂት ነው፣ ጫጩታቸውም ቀስ ብሎ ያድጋል።

ስለዚህ ዓሣውን ከማምጣትህ በፊት ምግቡን አዘጋጅ። አርቴሚያ በየቀኑ ሳይቋረጥ የምታወጣ ከሆነ፣ ግሪንዳል ወርምና ትንንሽ ዳፍኒያ በእጅህ ካለ፣ አንድ ጥንድ ለ10 ሊትር አድርገህ ጀምር። በበጋ ክፍልህ ከ24 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልግላቸው፤ ከቤቱ ዝቅ ያለው ወለል አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል።